ጎተራ ሲሞላ ስለ ድርቅ እንነጋገር

 

ወገኖቼ፣ በቆሎ በምንሰበስብበት በዚህ ወቅት ስለ ድርቅ መነጋገር ግር ሊላችሁ ይችላል። ነቀምቴና አካባቢዋ በዓመት ወደ 2 ሺህ ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛሉ፤ በአገራችን ከፍተኛ ዝናብ ከሚያገኙ አካባቢዎች መካከል ናቸው። አንገርና ዴዴሳ ወደ ዓባይ የሚወርዱት ከዚሁ ምድር ነው። እኔ ግን ጉዳዩን ዛሬ ያነሳሁት ጎተራው እየሞላ ስለሆነ ነው። ለድርቅ መዘጋጀት የሚቻለው በጥጋብ ዘመን ነው፤ ዝናቡ ከጠፋና ከብቱ ከከሳ በኋላ የሚሠራው ሥራ ነፍስ ማትረፍ ብቻ ነው።

ለመሆኑ ድርቅ ምንድን ነው? በረሃ ሁልጊዜ ደረቅ ነው፤ ያ የተፈጥሮው ጠባይ ስለሆነ ድርቅ አይባልም። ድርቅ የሚባለው አንድ አካባቢ ለረጅም ዓመታት ከለመደው ዝናብ እጅግ ያነሰ ሲያገኝና ሰውና እንስሳ በዚያ የተነሳ ሲቸገሩ ነው። ስለዚህ የእኛዋ ወለጋም በራሷ ልክ ድርቅ ሊያገኛት ይችላል።

ድርቅ ደረጃ በደረጃ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ዝናቡ ይዘገያል፣ ይቆራረጣል ወይም ቀድሞ ይወጣል። ቀጥሎ አፈሩ እርጥበት ያጣና ሰብሉ ይጠወልጋል። የዓመቱ ዝናብ በጠቅላላው በቂ ሆኖ እንኳ በቆሎው አበባና ጸጉር በሚያወጣበት ጊዜ ሁለት ሦስት ሳምንት ቢቋረጥ፣ አገዳው ቆሞ ፍሬው ይቀራል። ሦስተኛው ደረጃ ምንጩ፣ ጉድጓዱና ወንዙ ሲጎድል ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ገበያና ወደ ማዕድ ይገባል። በየደረጃው መካከል ጊዜ አለ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚሠራ ሥራ ካለ ድርቅ ሳይከፋ ሊያልፍ ይችላል።

መንስኤውን በአጭሩ ልንገራችሁ። የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ከወትሮው ሲሞቅ ኤልኒኖ ይባላል፤ ያን ጊዜ የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ የክረምት ዝናብ ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል። ሲቀዘቅዝ ላኒና ይባላል፤ ያኔ ደግሞ የሚጎዳው የቦረናና የሶማሌ ዝናብ ነው። ይህን ልናስቆመው አንችልም። የእኛ እጅ ያለበት መሬቱ ላይ ነው። ደን የተመነጠረበት፣ እርከን የሌለው ተዳፋት የወረደለትን ዝናብ አያስቀርም፤ ውሃው አፈሩን ይዞ ወንዝ ይገባል። እንዲህ ያለ መሬት ላይ ትንሽ የዝናብ ጉድለት ትልቅ ድርቅ ይሆናል።

ጉዳቱን በቅርቡ በቦረና ያየነው ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ገናና ሐገያ በሚባሉት በሁለቱም የዝናብ ወቅቶች አልዘነበም። ሣሩ አለቀ፤ ከብቱ ከስቶ ገበያ ሲወጣ ዋጋው ወደቀ፤ በዚያው ሰሞን የእህል ዋጋ ወጣ። ትናንት ባለ ብዙ ከብት የነበረ አባወራ እህል ጠባቂ ሆነ። ሴቶች ውሃ ፍለጋ ሩቅ ተጓዙ፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ቀሩ።

በእኛ ዓይነት ገበሬ ቤት ደግሞ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ማዕድ ይቀነሳል፤ ብዙ ጊዜ ከራሷ የምትቀንሰው እናት ናት። ቀጥሎ ፍየልና ዶሮ ይሸጣል። ከዚያ በሬው ይሸጣል። ከዚያ ዘሩ ይበላል። መጨረሻ ላይ ቤቱ ተዘግቶ ስደት ይሆናል። በሬው የተሸጠበትና ዘሩ የተበላበት ሰው በሚቀጥለው ዓመት ዝናብ ቢጥልም የሚያርስበትና የሚዘራው የለውም። ስለዚህ የእርዳታም የጉርብትናም ትልቁ ዓላማ አንድ ቤተሰብ በሬውን ከመሸጡ በፊት መድረስ መሆን አለበት።

ጤናም አብሮ ይናጋል። ውሃ ሲያንስ እጅ መታጠብ ይቀራል፤ ሰውና ከብት አንድ ኩሬ ይጋራሉ፤ ተቅማጥ ይበዛል። የተጎሳቆለ ሕፃን ኩፍኝ ሲይዘው አቅም ያጣል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የልጆቻችሁን ክንድ በመለኪያው ስትለካ ተባበሯት፤ የልጁ ጉዳት ከፊቱ በፊት በክንዱ ላይ ይታያል።

አሁን ዋናውን ልናገር። ድርቅ ሁሉ ረሃብ አይሆንም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ብዙ ሕዝብ በረሃብ አለቀ፤ መንግሥት ችግሩን ይፋ ሳያደርግ ቆየ። አማርትያ ሴን የተባሉት የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ በዚያ ወቅት የአገሪቱ አጠቃላይ ምርት ያን ያህል አልወደቀም ነበር። የወሎ ገበሬ ግን ምርቱ ስለጠፋ መግዣ አጣ፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የወጣ እህል ነበር። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ድርቁ ከጦርነት ጋር ተዳምሮ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችንን ወሰደ። ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው በሰፈራ ከሰሜን ወደ ደቡብና ምዕራብ ተወሰደ፤ ከእነርሱም ብዙ ሰው ወደዚሁ ወደ ወለጋ መጣ። የዚያ ዘመን ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬም በወለጋ መንደሮች አብረውን ይኖራሉ። ድርቅ ሰውን ከቀዬው እንዴት እንደሚነቅል ከእነርሱ የበለጠ የሚያስተምረን የለም።

በሌላ በኩል 2008 ዓ.ም.ን አስቡ። ኤልኒኖ ያመጣው ድርቅ ብርቱ ነበር፤ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ አስፈልጎታል። ሆኖም እንደ 1977ቱ ያለ እልቂት አልተከተለም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሴፍቲኔት ፕሮግራም ነበር፣ ችግሩም ቀድሞ ተነገረ፣ እህል ተጓጓዘ። ዝናቡ በሁለቱም ጊዜ ጠፍቷል፤ ልዩነቱን ያመጣው የሰው ዝግጅት ነው።

እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ጎተራችንን እንጠብቅ። በቆሎ በደንብ ሳይደርቅ አይግባ። ፒክስ የሚባለው ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት በደንብ ከታሰረ አየር ስለማያስገባ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል። ምርቱን በሙሉ በመከር ሰሞን በርካሽ ሸጦ በክረምት በውድ መግዛት ድርቅ ሳይመጣም ድሃ ያደርጋል። ለቤት የሚበቃውንና ለዘር የሚሆነውን ለይቶ ማስቀመጥ ይቅደም።

ሁለተኛ፣ ኑሯችንን በበቆሎ ላይ ብቻ አንጣል። ማሽላ ዝናብ ሲቋረጥ ታግሶ ይቆያል። አንጮቴ የወለጋ ሀብት ነው፤ ከአፈር ሥር ሆኖ እስኪፈለግ ይጠብቃል። ስኳር ድንችም ጓሮ ውስጥ ቦታ ይኑረው። ክረምት ከመግባቱ በፊት የሚወጣውን የሜትሮሎጂ ትንበያ ከቀበሌው የግብርና ባለሙያ ጠይቁ፤ ዝናቡ ያጥራል ከተባለ ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ምረጡ።

ሦስተኛ፣ ምንጮቻችንን እንጠብቅ። ከምንጩ ራስጌ ባሕር ዛፍ አይተከል፤ ዋንዛና ሾላ ይተከል፤ ዙሪያው ይታጠር፤ ከብት ወደ ዓይኑ አይግባ። በተዳፋቱ ላይ እርከን ይሠራ። የበቆሎ አገዳውን በሙሉ አናቃጥል፤ መሬት ላይ የቀረው እርጥበት ይይዛል።

አራተኛ፣ መረዳጃችን ቀድሞ ይቋቋም። ቡሳ ጎኖፋ ከብቱ ያለቀበትን ሰው ወገኑ አዋጥቶ መልሶ የሚያቋቁምበት የቆየ ሥርዓት ነው፤ በቅርብ ዓመታትም የኦሮሚያ ክልል በተቋም ደረጃ አደራጅቶታል። እድርና እቁብም አሉን። እድር ለቀብር ብቻ ሳይሆን፣ የጎረቤት በሬ ገበያ ከመውጣቱ በፊት የሚደርስ የእህል ተቀማጭ ቢኖረው ምን ይከለክለዋል?

ወገኖቼ፣ ምክሩ ብዙ ነው፤ በንግግር ብቻ እንዳይቀር ግን እሰጋለሁ። ስለዚህ ከዚህ ስብሰባ ሳንበተን ሦስት ነገር እንድንወስን እለምናችኋለሁ። እያንዳንዱ ጎጥ ምንጩን የሚጠብቁ ሰዎች ይምረጥ፤ ከእነዚህም ቢያንስ ግማሾቹ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ይሁኑ። እያንዳንዱ እድር ከዘንድሮው ምርት ለክፉ ቀን የሚቀመጥ እህል መጠኑን ይወስን። እርከን የሚሠራበት ተዳፋትም ዛሬውኑ ተለይቶ የሥራ ቀኑ ይቆረጥ። አባ ገዳዎች ይመርቁን፤ ጸሐፊው መዝገቡን ይክፈትና ከምንጭ ጠባቂዎቹ ስም እንጀምር።