ባልክሪሽና ዶሺ እና ለነዋሪው የተተወው ቤት
(ለማኅበሩ አባላት ከተደረገ ንግግር)



አንድ ሕንፃ አለቀ የሚባለው መቼ ነው? እኛ መሐንዲሶች የርክክቡ ሰነድ ሲፈረም ነው እንላለን። የሕንዳዊው አርክቴክት የባልክሪሽና ዶሺ ሥራ ግን ይህን መልሳችንን እንደገና እንድንመረምር ያስገድደናል።

ዶሺ በ1927 ዓ.ም. በፑኔ ከተማ የቤት ዕቃ ከሚሠራ ቤተሰብ ተወለዱ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በቦምቤይ የሥነ ሕንፃ ትምህርት ከተከታተሉ በኋላ ከ1951 እስከ 1954 በፓሪስ በሌ ኮርቡዚዬ ቢሮ ሠሩ፤ ቀጥሎም የመምህራቸውን ሥራዎች ለመቆጣጠር ወደ አህመዳባድ ሄዱ። በ1962 በዚያው ከተማ የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ሉዊስ ካን የከተማይቱን የሥራ አመራር ተቋም ሲነድፉም ተባባሪያቸው ነበሩ።

ከእንዲህ ያሉ ታላላቅ ሰዎች ጥላ ወጥቶ በራስ መቆም ቀላል አይደለም። ዶሺን የረዳቸው የአገራቸውን ፀሐይና ዝናም ማጥናታቸው ነው። በ1980 ለራሳቸው ቢሮ ያሠሩት ሳንጋት በከፊል ከመሬት በታች የገባ ነው፤ ጣሪያው የግማሽ በርሜል ቅርጽ ሲኖረው ላዩ በነጭ ሴራሚክ ስብርባሪ ተለብጧል። ነጩ ገጽ ሙቀቱን ይመልሳል፤ አፈሩ ክፍሎቹን ያቀዘቅዛል፤ የዝናሙም ውሃ ከጣሪያው ወርዶ በቦይ ይጓዛል።

ለሙያችን ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን የሚገኘው በ1989 በኢንዶር ከተማ ከተሠራው ከአራንያ መንደር ነው። ዶሺ ገና በ1954 ለዝቅተኛው የኅብረተሰብ ክፍል ተገቢ መኖሪያ ለማዘጋጀት ለራሳቸው ቃል ገብተው ነበር። አራንያ የዚያ ቃል ፍሬ ነው። በ85 ሄክታር ያህል መሬት ላይ ከ6,000 በላይ ቤቶች ታቀዱ። ከሁሉ የሚያንሰው ቦታ 35 ካሬ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ለባለቤቱ የሚሰጠው መሠረቱ፣ መጸዳጃው፣ የውሃ ቧንቧውና አንድ ክፍል ነበር። የቀረውን ቤተሰቡ አቅም ባገኘ ቁጥር ራሱ ይቀጥለዋል። ዶሺ ለምሳሌ የሚሆኑ 80 ቤቶች ነደፉ፤ በተረፈ ደረጃውና ሰገነቱ ለነዋሪው ምርጫ ተተወ። ሥራው በ1995 የአጋ ኻንን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አገኘ።

እዚህ ላይ፣ «ቤትን ሳይጨርሱ ማስረከብ ድኻውን ከነችግሩ መተው አይደለምን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም የሚገኘው የተተወውን ካልተተወው በመለየት ነው። አንድ ቤተሰብ ግድግዳ ማቆምና ክፍል መጨመር ይችላል። የፍሳሽ መስመርን ተዳፋት ማስላት፣ ንጹሕ ውሃ ከሩቅ መሳብ፣ የመንገዱን ስፋት መወሰን ግን ከአቅሙ በላይ ነው። በአራንያ ለየሃያው ቤት አንድ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ተሠርቶ፣ ውሃና መብራት በመንደሩ ሁሉ ገብቷል። ስለዚህ የባለሙያው ድካም የዋለው ነዋሪው ኋላ ሊያርመው በማይችለው፣ አብዛኛውም ከመሬት በታች ተቀብሮ በማይታየው ሥራ ላይ ነው። ይህ የእኛ የመሐንዲሶች ድርሻ ነው፤ እርሱ ከተጓደለ የነዋሪው ነፃነት ባዶ ቃል ሆኖ ይቀራል።

ዶሺ በ2018 የፕሪትዝከርን ሽልማት በመቀበል የመጀመሪያው ሕንዳዊ ሆኑ፤ በጥር 2023 በ95 ዓመታቸው በአህመዳባድ አረፉ። ከእርሳቸው የምንወርሰው የጣሪያ ቅርጽ አይደለም፤ ንድፍ ስንጀምር፣ «የትኛውን እኛ እንጨርስ? የትኛውንስ ለባለቤቱ እንተው?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ ነው።