ሳያነብ የሚቀርጽ፥ ሳይቀርጽ የሚያነብ
በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል በጂንካ የተነገረ ቃል



በዚህ በዓል ቃል እንዳሰማ በታዘዝሁ ጊዜ፥ የደብራችንን ታሪክ ከእኔ የሚበልጡ አባቶች ስለሚናገሩት፥ እኔ ስለ አንዲት የደብራችን ልጅ ልነግራችሁ ወደድሁ። ስሟን አልጠራም፤ እርስዋም አትፈቅድም። ነገሩ ግን የእርስዋ ብቻ ሳይሆን፥ ልጁን ወደ ሩቅ አገር የሚልክ ወላጅ ሁሉ ነገር ነው።

ይህች ልጅ በዩኒቨርሲቲ ዲዛይን የሚሉትን የንድፍ ትምህርት ትማራለች። ባሕር ማዶ ያለ አንድ የቴክኖሎጂ ኩባንያም ለክረምቱ ወራት በተግባር ልምምድ ተቀበላት። ያን ጊዜ እናቷ ወደ እኔ መጥታ፥ «የኔታ፥ ሥዕል ለመሣል ባሕር መሻገር ምን ይረባል? ይምከሩልኝና ትቅር» ስትል ለመነችኝ። እውነቱን ልናገርና፥ የእኔም አሳብ ከእናቲቱ አሳብ ብዙ አልራቀም ነበር። ነገር ግን በልጅነቴ አኮፋዳ አንግቼ ለቅኔ ትምህርት ከቤት ስወጣ የገዛ እናቴ የተናገረችው ይኸንኑ መሆኑ ትዝ አለኝና ዝም አልሁ።

ንድፍ ማለት ማሳመር ብቻ አይደለም። በቅዳሜ ገበያችን የሐመር ሽማግሌ በእጁ ይዞት የሚመጣውን ትንሽ መቀመጫ አይታችኋል። ከአንድ እንጨት የተፈለፈለ ነው፤ ሲቀመጡበት በርጩማ፥ ሲተኙበት ትራስ ይሆናል፤ ለመንገደኛም ሸክም አይሆንበትም። ይህን የሠራ ሰው አስቀድሞ የተመለከተው እንጨቱን ሳይሆን የሚቀመጥበትን ሰው ነው። የንድፍ ትምህርትም ሥሩ ይህ ነው።

የክረምቱም ልምምድ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ ሌሊት ቈጥሮ ያደረውን ቅኔ ጧት ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የተጣመመውን ያቃናል፥ የማይረባውን ይጥላል። ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ መወድስ የሚደርሰው በመታረም ነው። በኩባንያውም ለልጂቱ አንድ መሪ ሰጧት፥ አንድ ሥራም ቈረጡላት፤ የነደፈችውን በየጊዜው እያቀረበች ትታረም ነበር። ሥራዋም ፊደላችን በስልክ መስተዋት ላይ ለአንባቢው ጐልቶ እንዲታይ በሚደረገው ንድፍ ማገዝ ነበረ።

የዚህ ሥራ ችግር ግን የዛሬ አይደለም። በግዕዝ ፊደል የመጀመሪያው መጽሐፍ የታተመው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1513 በሮም ነው። እርሱም ዳዊት ነበረ፤ ያሳተመውም ግዕዝን በዚያ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተማረ ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ሰው ነው። ከዚያም በ1548ና በ1549 የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን ከወንድሞቹ ጋር በዚያው በሮም ሐዲስ ኪዳንን አሳተመ። አባ ተስፋ ጽዮንም ስለ እትሙ ስሕተት አንባቢን ይቅርታ ሲለምን፥ ፊደሉን የሚለቅሙት ሠራተኞች ማንበብ እንዳልቻሉ፥ እርሱና ወንድሞቹም ፊደል መልቀም እንዳላወቁ፥ ስለዚህም ዕውር ዕውርን እንደሚመራ ሆነው እንደ ተረዳዱ ገልጧል። እኔ ከዚህ የሚበልጥ እውነተኛ ኑዛዜ በማተሚያ ቤት ታሪክ አላየሁም። የሚቀርጸው አያነብም፥ የሚያነበው አይቀርጽም፤ ስሕተቱ የተወለደው በሁለቱ መካከል ነው።

በእኛም ዘመን ይኸው ነገር በሌላ መልክ ተመለሰ። ኮምፕዩተር ፊደልን የሚያውቀው በቍጥር ነው እንጂ በመልኩ አይደለም። ቀድሞ እያንዳንዱ የጽሕፈት ፕሮግራም ለፊደላችን የየራሱን ቍጥር ይሰጥ ስለ ነበረ፥ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጕም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። በ1999 ግን ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ 3ኛ እትሙ ሲወጣ የእኛም ፊደል በ345 ምልክቶች ተመዘገበ፤ ለሀ የደረሰው ቍጥር 4608 ነው። ከዚያም በኋላ በ2005 ለሜኤን ቋንቋ፥ በ2010 ለባስኬቶ ቋንቋ የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ምልክቶች ከሌሎች ጋር ገቡ። ሜኤን የጎረቤቶቻችን የቦዲዎች ቋንቋ ነው፤ ባስኬቶም ከእኛ ሩቅ አይደለም። እንግዲህ ይህ መዝገብ ለጂንካ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም።

ይሁን እንጂ ቍጥር ስም ነው እንጂ መልክ አይደለም። ለስሙ መልክ የሚያወጣለት ነዳፊው ነው። ልጂቱ መጀመሪያ የነደፈችው ቀጭንና ያማረ ነበር፤ ለራስዋም ዓይን ደስ አሰኛት። መሪዋ ግን፥ «እኔን አትጠይቂኝ፤ ፊደሉን በሚያነቡ ሰዎች ፊት አኑሪው፥ ምንም ሳትናገሪ እጃቸው የት እንደሚቆም ተመልከች» አላት። በዚያ ከተማ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አረጋውያንን ለምና አስነበበች። አንዲት ባልቴት ጸሎት የሚለውን ቃል ደርሰው ቆሙ፤ ጸውን ከጰ መለየት ተሳናቸው። ስልኩንም አኑረው፥ «ዓይኔ ነው ልጄ፥ አንቺ ምን ታደርጊ» አሉ።

ወገኖቼ፥ ይህን ቃል አስተውሉት። ጥፋቱ የንድፉ ሆኖ ሳለ አሮጊቷ የገዛ ዓይናቸውን ወቀሱ። ልጂቱም ያን ሌሊት እንዳለቀሰች ነገረችኝ፤ የገዛ እናቷ በቤት ስልኩን እያራቀች እያቀረበች፥ «ዓይኔ ደከመ» ስትል ትሰማ ነበርና።

በማግሥቱ ደወለችልኝ። «የኔታ፥ ጸና ጰ በብራና ላይ እንዴት ይለያያሉ?» አለችኝ። እኔም ልዩነታቸው ከላይ ከራሳቸው መሆኑን፥ ጸሓፊ ራስን ካጣበበ አንባቢን እንደሚያስት ነገርኋት፤ በመቃ ብርዕም ሁለቱን ጎን ለጎን በትልቁ ጻፍሁ፥ ዲያቆኑም ፎቶግራፍ አንሥቶ ላከላት። እነሆ፥ በሮም ተለያይተው የነበሩት የሚያነበውና የሚቀርጸው በዚህች ልጅ እጅ ተገናኙ። በመጨረሻው ሳምንት ሥራዋን በሠራተኞቹ ፊት አቀረበች፤ ከአሳቧ ጥቂቱን ተቀበሉላት፥ የቀረውን ለሌላ ጊዜ አቈዩት። እናቷ ግን ዛሬም፥ «ብትቀር ይሻለኝ ነበር» ትላለች፤ በዚህ አልፈርድባትም። ቅኔ ቤት የገባ ሁሉ መምህር ሆኖ እንዳልተመለሰ፥ ባሕር የተሻገረም ሁሉ አይመለስም።

ስለዚህ ሦስት ነገር ልለምን። ወላጆች ሆይ፥ ልጅን ከመንገድ ከማስቀረት ይልቅ ስንቁን አስቡለት፤ ከስንቅም የሚበልጠው ፊደሉን አጥርቶ ማወቁ ነው፤ ይህች ልጅ ፊደል ባትቈጥር ኖሮ የባልቴቷን መሰናክል ከቶ ባላየችም ነበርና። ካህናት ሆይ፥ ብራናዎቻችንን በሣጥን ብቻ አንዝጋባቸው፤ ልጆች የቀደሙት ጸሓፍት ፊደሉን እንዴት እንደ ጣሉት በዓይናቸው ይዩ፤ ሲጠይቁንም «ይህ የዓለም ነገር ነው» ብለን አንመልሳቸው። ልጆች ሆይ፥ የምትነድፉትን ሁሉ ከማሳመራችሁ በፊት፥ ጥፋቱን በራሳቸው ዓይን የሚያሳብቡትን አረጋውያን አስቡ።

እግዚአብሔር የሚሄዱትን በሰላም ያድርስ፥ የተማሩትንም ይዘው ይመልስልን። አሜን።