ስሙ የማን ነው? ምስጋናውስ?



ሊኑክስ ጭናችሁ የምታውቁ አንድ ነገር ሳይገርማችሁ አልቀረም። ላፕቶፑ ላይ «ኢንቴል» የሚል ተለጥፏል፤ ከዴቢያን የምናወርደው ፋይል ግን «ኤኤምዲ64» ይላል። ተማሪዎች «ተሳሳትን እንዴ?» ይሉናል። አልተሳሳቱም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ 64 ቢት ለመሻገር ኢንቴል ከኤችፒ ጋር ሆኖ ኢታኒየም የተባለ አዲስ ንድፍ አወጣ፤ የቆዩት ፕሮግራሞች ግን በእሱ ላይ ያዘግሙ ነበር። ኤኤምዲ በበኩሉ የነበረውን ኤክስ86 አሰፋው። ዝርዝሩን እ.ኤ.አ. በ2000 ይፋ አደረገ፤ በ2003 ኦፕተሮንን ለገበያ አቀረበ። በ2004 ኢንቴልም ያንኑ መንገድ ተከተለ፤ በተፎካካሪው ስም ግን አልጠራውም። ኢኤም64ቲ፣ ኋላ ደግሞ ኢንቴል 64 አለው። ማይክሮሶፍት ደግሞ ከሁለቱም ሳይወግን ኤክስ64 ብሎ አለፈ። ዴቢያን በቀዳሚው ስም ጸና።

ታዲያ ምስጋናው የኤኤምዲ ብቻ ነው? አይደለም። ኤክስ86 የሚለው ስም የመጣው በ1978 ከወጣው የኢንቴል 8086 እና እሱን ከተከተሉት 80286 እና 80386 ነው። የ8086ን የትእዛዝ ስብስብ የነደፈው ስቲቨን ሞርስ ነው። ወደ ኋላ ስንሄድ ደግሞ የቀድሞው አያት፣ የ8008 ትእዛዞች፣ የተነደፉት ኢንቴል ቤት አልነበረም። ኋላ ዳታፖይንት የተባለው ኩባንያ ሰዎች፣ ቪክተር ፑርና ሃሪ ፓይል፣ ለራሳቸው ተርሚናል ያወጧቸው ናቸው። የእነሱን ስም የለጠፈ ላፕቶፕ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እኛ የቀየት ልጆች ይህ አይከብደንም። ባና ገበያ ሲወጣ «የመንዝ ባና» ይባላል። በጉን ያረባው፣ ጸጉሩን የፈተለችው እናት፣ የሸመነው ሰው ስማቸው አይነሳም። የባናው ሙቀት ግን ከሁሉም እጅ የመጣ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የመመረቂያ ፕሮጀክት በቡድን ይሠራል፤ ሲወራ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠራው መድረክ ላይ ወጥቶ ያቀረበው ልጅ ነው። መምህራን ሆይ፣ ሐሳቡን ማን አመጣው፣ ኮዱን ማን ጻፈው፣ ማን ፈተነው፣ የትኛው የላብራቶሪ ባለሙያ አገዘ የሚለው በሰነዱ ውስጥ አንድ ገጽ ይኑረው። ቀጣሪዎች የሆናችሁ የቀድሞ ተማሪዎችም ያንን ገጽ ጠይቁ። ሥራ ፍለጋ ለሚንከራተት ዝምተኛ ልጅ ያ ገጽ እንጀራው ሊሆን ይችላል።