ቦታው ሲነሳ ምን ይቀራል?



ስለ ሂሳብ አያያዝ እንድናገር ተጋብዣለሁ። መዝገብ ሲባል ለብዙዎቻችን ግብር ብቻ ነው የሚታየን። እኔ ግን በካዛንቺስ መንገድ ዳር ከነበሩት ምግብ ቤቶች ልጀምር።

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥታቸው ሠራተኞች ካሠሯቸው ቤቶች ነው። በ1950 ዓ.ም. የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ። ቢሮ በበዛበት ምሳ ፈላጊም ይበዛል። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ኪራያቸው አነስተኛ የሆኑትን ቤቶች ቀበሌ ተረከበ። በእነዚህ ጠባብ ቤቶች ስንት እናት ሽሮና ፍርፍር ሸጣ ልጆቿን አስተማረች! ከዚያ የሊዝ አዋጅ መጣ፣ ፎቁ በዛ፣ መሬቱ ተወደደ። በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲደርስ ብዙው የቆየ ቤት ፈረሰ፤ ነዋሪውም ወደ ከተማው ዳር ሄደ።

ከተማ ማደጉን አንጠላም። ነገር ግን ተከራይ ለሆነች ባለ ምግብ ቤት ትልቁ ሀብቷ ድስቱ አይደለም፤ በር ላይ የሚያልፈው ሰው ነው። እሱ ደግሞ በጭነት መኪና ተጭኖ አይሄድም።

እስቲ እናስላ። በቀን 60 ሰው በ80 ብር ቢመገብ 4,800 ብር ነው። በወር 26 ቀን ከተሠራ ሽያጩ 124,800 ብር ይሆናል። ይህ በደብተር ካልሰፈረ ማን ያምነናል? አበዳሪ የሚያየው ወረቀት ነው። ስለ ካሳ ለመጠየቅም መነሻው ማስረጃ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ የዕለቱን ሽያጭና ወጪ ማታውኑ ጻፉ፤ የቤት አስቤዛን ከሥራው ለዩ። ሁለተኛ፣ የኪራይ ውል፣ የታደሰ ንግድ ፈቃድና የግብር ደረሰኝ በአንድ ፋይል ይቀመጡ፤ ኮፒውም ሌላ ቤት ይኑር። ሦስተኛ፣ የደንበኞቻችሁን ስልክ መዝግቡ፤ አዲሱን ቦታ የምትነግሯቸው በእሱ ነው።

ለደጋፊዎቻችን ደግሞ፦ ምድጃና ድስት ስትሰጡን እናመሰግናለን። ከዚያ ጋር የሂሳብ ሥልጠና ጨምሩልን። ቤቱ ቢፈርስም ሙያዋና መዝገቧ ያላት ሴት ከባዶ አትጀምርም።