ደመራው ያበራው ፊት

መስቀል በመጣ ቁጥር የስቱዲዮው ስልክ የሚጨናነቀው በአንድ ጥያቄ ነው። ዛሬም ገና ሳንጀምር ከደሴ የደወለች እህታችን፣ «የማነሳው ፎቶ ከፊልም ላይ የተቆረጠ እንዲመስልልኝ የቱን ፊልተር ልጠቀም?» አለች። ከእሷ ቀጥለው የደወሉት ሁለት ወጣቶችም የፊልተር ስም ነው የጠየቁኝ። አምና ተናግሬአለሁ፣ ዘንድሮም እደግመዋለሁ፤ ፊልተር የሚመጣው ፎቶው ከተነሣ በኋላ ነው። ፊልም ሠሪ ግን ካሜራውን ሳይከፍት ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አይቶ፣ ሰውየውን የት እንደሚያቆመው ይወስናል።

ስለ ቀለም፣ ስለ ፎቶ ስፋት፣ ስለ አቋቋም ለመናገር ተዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት። ከብርሃኑ ልነሣ።

ስልካችሁ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ብርሃን ለማምጣት ይጥራል። የደመራን ምሽት አስቡት። ዙሪያው ጨለማ ስለሆነ ስልኩ ሁሉን ያደምቃል፤ እሳቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ነበልባሉም መልኩን ያጣል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ እሳቱ ያለበትን ቦታ በጣታችሁ ንኩ። በብዙ ስልኮች ላይ ትንሽ የፀሐይ ምልክት ትወጣለች፤ የእሳቱ ቀለም እስኪመለስ ድረስ ወደ ታች ጎትቷት። ፍላሹን አጥፉት። የስልክ ፍላሽ ከጥቂት ሜትር አያልፍም፤ ደመራው ጋ ሳይደርስ ከፊታችሁ የቆመውን ሰው ጀርባ ያነጣል እንጂ።

ደግሞስ ሁላችሁም እሳቱን ብቻ ለምን ታነሣላችሁ? እስቲ ዘወር በሉና እሳቱን የሚያዩትን ሰዎች ተመልከቱ። ደመራ ትልቅ መብራት ነው። ብርሃኑ ሞቅ ያለ ነው፣ ከጎን ይመጣል፤ አንዱን ጉንጭ አብርቶ ሌላውን ለጥላ ይተወዋል። ጥላውን አትፍሩት። ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ፊቱ ሁሉ ካልበራ ፎቶው የተበላሸ ይመስላችኋል።

ባለፈው ሳምንት አንድ አድማጭ «ጠይም ፊት ለምን ፎቶ ላይ ይጠቁራል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ይህን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለፎቶ ቤቶች የቀለም መለኪያ ካርድ ይልክ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ነበረች፤ የመጀመሪያዋ ሸርሊ ትባል ስለነበር ካርዱም በስሟ ተጠራ። ፊልም አጣቢው የእሷ ፊት ካማረ ቀለሙ ልክ ነው ይላል። የሌላው ሰው ፊት የሚለካው በእሷ ነበር። ኮዳክ ቡናማ ቀለምን ለይቶ የሚያሳይ ፊልም ወደ መሥራት እንዲያዘነብል ከገፉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል፤ የዕቃቸው ቀለም አልለይ ብሏቸው አቤት ብለው ነበር።

ወጣት ሳለሁ አያቴን ቡና ስታፈላ በፍላሽ አነሣኋት። ፎቶ ቤት ታጥቦ ሲመጣ ነጠላዋ እንደ በረዶ ነጭ ነው፤ ፊቷ ግን አይንና አፍንጫው እንኳ አይለይም። አገላብጣ አየችውና «ነጠላዬን ነው ያነሣኸው» አለችኝ። ከዚያ ሌላ የአያቴ ፎቶ የለኝም።

ጠይም ፊት ሳይጠፋ ማንሣት እንደሚቻል ግን ያሳየን ሰው አለ። በአሜሪካ፣ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የእኛው ፊልም ሠሪ ኃይሌ ገሪማ ካስተማራቸው አንዱ የፊልም ካሜራ ባለሙያው ብራድፎርድ ያንግ ነው። «ሰልማ» የተባለውን ፊልም ያነሣው እሱ ነው፤ በ«አራይቫል» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ለኦስካር ታጭቷል። «ሰልማ»ን ስታዩ ክፍሎቹን ልብ በሉ። ጨለም ያሉ ናቸው፤ ጥቁር ፊቶቹ ግን አልጠፉም። ጠይም ቆዳ ከፊት ለፊት የሚወርድበት ኃይለኛ ብርሃን አይስማማውም። ከጎን የመጣ ለስላሳ ብርሃን ግን ቆዳው ላይ ያንጸባርቃል፣ የፊቱም ቅርጽ ይወጣል። የመስኮት ብርሃን ይበቃል። የደመራም ብርሃን እንዲሁ።

ሰዓት እያለቀ መሆኑን እያመለከቱኝ ነው። ቀለሙን በአጭሩ ልናገር። የሰው ቆዳ ወደ ብርቱካናማ ያደላል፤ ፊልም ሠሪዎችም ፊቱ ጎልቶ እንዲታይ ከኋላው ሰማያዊ ያደርጋሉ። ይህን ደመራ በነፃ ይሰጣችኋል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ ገና ሰማያዊ ነው፣ እሳቱ ብርቱካናማ ነው። ግን ቶሎ ያልፋል። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። በመስከረም አዲስ አበባ ላይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ሃያ ደቂቃዎች የእናንተ ናቸው። ስልኩን አግድም ያዙት፣ ሰውየውን ወደ አንድ ጎን አድርጉት፤ ስለ ስፋቱ የቀረውን በሌላ ቀን እመለስበታለሁ።

የደሴዋ እህቴ፣ ፊልተሩን ለዘንድሮ ተይው። መስከረም 16 ማታ እናትሽን ደመራው አጠገብ አቁመሽ፣ እሳቱ በጎኗ ሲያበራ፣ ስክሪኑ ላይ ነጠላዋን ሳይሆን ፊቷን ንኪ፤ ከዚያ ብርሃኑን ጥቂት ዝቅ አድርጊና አንሺያት።