ለጭሮ ዳገት የትኛው ጎማ?

አንደኛ አቅራቢ፦ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የጎማ ምርጫ የባትሪ ጉዳይም ሆኗል። ጫት ለመጫን በኤሌክትሪክ ፒካፕ ከሚኤሶ ቆላ ወደ ጭሮ ከተማ ለሚወጣ ሰው የአስፋልት ጎማ ይሻላል ባይ ነኝ። ጥርሱ ትልልቅ የሆነው ጎማ አስፋልት ላይ ሲንከባለል ይከብዳል፤ ዳገቱ ባትሪውን መብላቱ አይበቃም?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ እስማማለሁ፤ ግን ጫት የሚጫነው አስፋልት ዳር ብቻ አይደለም። ወደ ገጠር ቀበሌ ሲገባ ስል ድንጋይ አለ፣ በክረምት ደግሞ ጭቃ። ጎኑ ስስ የሆነ ጎማ እዚያው ይቀደዳል፤ ከቻርጅ የተረፈው ገንዘብ ለጎሚስታ ይሄዳል።

አንደኛ አቅራቢ፦ በየቀኑ ለሚገባ ሰው እውነት ነው፣ እሱ ባለ ትልቅ ጥርሱን ይግዛ። አልፎ አልፎ ለሚገባው ግን አያዋጣም። ሁለቱም መጀመሪያ የጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን የጭነት ቁጥር ይዩ፤ ባትሪው ራሱ በመቶዎች ኪሎ ስለሚመዝን ጎማው ጫት ሳይጫንበትም ተሸክሟል።