ሸማኔውና ወርቀ ዘቦው



በመካከለኛው ዘመን በእስላም ነገሥታት ግዛት ስለ ተሠራው ወርቀ ዘቦ ሐር ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የለባሹ ክብር ነው። እኔ ግን ሸማኔውን ላስቀድም።

የወርቅ ክር እንዲሁ የሚፈተል አይደለም። ወርቅ የተቀባ ስስ ብር፥ ወይም በስስ ቆዳ ላይ የተለጠፈ ወርቅ እንደ ጠባብ ጥብጣብ ተቆርጦ በሐር ወይም በጥጥ ክር ላይ ይጠመጠማል። እንዲህ ያለው ክር የድርን ውጥረትና መፋተግ ስለማይችል በማግነት ይገባል፤ በቀጭን የሐር ድርም ከጨርቁ ፊት ላይ ይያዛል። ሥዕሉን ለማውጣት ሸማኔው ብቻውን አይበቃም፤ ማጉ በገባ ቁጥር ተገቢው ድር እንዲነሣ ገመዱን እየመረጠ የሚስብ ረዳት ያስፈልገዋል። አድካሚ ሥራ ነው!

የንጉሥን ስም በልብስ ላይ ማስጻፍ፥ ጢራዝ የሚባለው፥ በስም ገንዘብ እንደ ማስመታት ያለ የሥልጣን ምልክት ነበር። ኢብን ኻልዱን በሙቀዲማው ውስጥ ስለዚሁ አንድ ክፍል ጽፎአል። ሃይማኖቱ ሐርና ወርቅ መልበስን ለወንድ ቢከለክልም፥ ቤተ መንግሥቱ ግን ከዚህ ጌጥ አልተለየም።

በ1220ዎቹ (በአውሮፓ አቆጣጠር) መጀመሪያ ሞንጎሎች ሄራትን በያዙ ጊዜ ሸማኔዎችን ከሞት አስተርፈው ወደ ምሥራቅ፥ ወደ በሽባሊቅ አጋዙአቸው። ጥበባቸው ነፍሳቸውን አዳነ፤ አገራቸውን ግን አሳጣቸው። ከዚህ በኋላ የቻይና አበባና አዕዋፍ ከዐረብ ጽሕፈት ጋር በአንድ ጨርቅ ላይ ሲገናኙ እናያለን። ውበቱን አድንቆ ግዞቱን መርሳት ግን ለእኔ ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። ከ1316 እስከ 1335 ኢራንን የገዛው ኢልኻን አቡ ሳዒድ ስሙና ማዕርጉ በዐረብኛ የተሸመነበት ወርቀ ዘቦ ነበር። የኦስትሪያው መስፍን ሩዶልፍ 4ኛ በ1365 ሚላኖ ላይ ሲሞት፥ ይኸው ጨርቅ የመቃብር ልብሱ ሆነ፤ ሬሳውም ወደ ቪየና ተወስዶ በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። የእስላም ንጉሥ ስም ያለበት ልብስ ለክርስቲያን መስፍን መግነዣ መሆኑ ሊያስደንቀን ይችላል፤ በጊዜው ግን የወርቁ ክብር ከጽሕፈቱ የበለጠ ይመስላል።

ጨርቁ ዛሬም በቪየና በካቴድራሉ ሙዚየም ይገኛል። ከመካከላችሁ ዐረብኛ የሚያነብ ወደዚያ የሚሄድ ቢኖር፥ የአቡ ሳዒድን ስም ከፈለገ በኋላ ድሩንና ማጉንም ቀረብ ብሎ ይመልከትልኝ።